የኦስሪና መርዶ

አቃቂ በሰቃ፣
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት፣

አዎ፣ አደሴ አልተሻላትም። ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝ ስለ እሷ ነውና ሰላምታዬን ወደ ኋላ አቆይቼ ከጎረቤቴ ልጀምርልሽ። እንቅርቷ ወደ ውስጥ አድጎ መተንፈሻዋን እየተጫነው ነው። ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ነው የምታሸልበው። ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ጺሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው፤ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ «እማማ፣ ክፉው ዓይነት አይደለም። ግን ዘንድሮውኑ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ አንድ ቀን ትንፋሽዎን ይዘጋዋል» አላት። ለመጋቢት አሥራ አምስት አልጋ ይዞላታል። ያ ቀን ካመለጠ ሌላ ወረፋ መቼ እንደሚደርሳት እሱም አያውቅ። ድምፅዎ ሊጎረንን ይችላል ማለቱ ከብዷት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮውን ባነሣሁባት ቁጥር መልሷ «አስብበታለሁ» ብቻ ነው። «እስከ መቼ ነው የምታስቢበት?» ስላት «አስቤ እስክጨርስ» ትለኛለች።

ልጇ ሃዊ ደህና ናት። ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ አንድ ሳምንት የቀን፣ አንድ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። እናቷ ፊት ትስቅና እኔ በር ድረስ ስሸኛት ታለቅሳለች። አደሴ ከዚህች ልጅ ሌላ ማን አላት? ሃዊስ ብትሆን?

እንግዲህ አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር በይኝ፤ ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፣ አጥናፉ አይሱዙውን ጭኖ ወደ ማጂ የተነሣው ግን እኔ ጸበል በሄድኩበት ቀን ሆነ። እናንተ ዘንድ ኔትወርክ እስኪመጣ ሰውዬው ፖስታ ቤታችን ሆኖ ቀረ።

ስለ ፊልሙ የጠየቅሽኝን ደግሞ ልንገርሽ። ያው ያንቺው መጽሐፍ ነው! ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ በእንግሊዝኛ ታነቢው የነበረው ወፍራሙ፣ እኔ የጓዳውን በር እንዳይዘጋ የማስደግፍበት። «የሰባቱ ሐይቆች ምድር»። በተከታታይ ፊልም ተሠርቶ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት እኔ ቤት ይታያል። አደሴ ጋቢዋን ተከናንባ ትመጣለች። አዚዛ ሱቁን ለባሏ ለሙህሲን ትታ ትመጣለች። ቀዛፊዋን ኦስሪናን ሆና በአማርኛ የምትናገረው ሴትዮ የዚያ የቱርኩ ፊልም ክፉ አማት የነበረችው ናት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማናችንም አላመንናትም ነበር። አሁንማ የሥጋ ዘመዳችን ሆናለች።

ናፊዬ፣ ፊልም አይቼ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሐይቆቹ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ይሄዳሉ። አንዱ ሐይቅ የሰው እንቅልፍ ያስቀምጣል፣ አንዱ የተረሳ ስም፣ አንዱ ሳይነገር የቀረ ቃል። ኦስሪና ትንሿን ልጇን ሚኖን ከፊቷ አስቀምጣ በታንኳዋ እየቀዘፈች ሰው የጠፋበትን ነገር ታመጣለታለች። ያ ጭጋግ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስሠራ፣ ጠዋት ጸሐይ በመስኮት ስትገባ የሚንሳፈፈውን የጥጥ ብናኝ። ሁላችንም ነጭ ሆነን እንተያይ ነበር። ፊልሙ አልቆ ወደ ውጭ ስወጣ የበሰቃ መንገድ ራሱ ቀስ እያለ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ባጃጁም በውሃ ላይ የሚያልፍ።

አደሴ ግን አራሽ ቤት ያደገች ናትና ዝም ብላ አታይም። ጨረቃን የሚጎትቱትን በሬዎች ስታይ «ኧረ በሬ በቀንዱ ይጎትታል? ማነው ያስጠመዳቸው?» ብላ ተነሣች። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «ይህን ሁሉ ወታደር ማን ያበላዋል? አንድ የታረሰ ማሳ አላሳዩንም እኮ!» አዚዛ በሳቅ ሞተች።

ታዲያ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳት ነገር አለ። «ይህቺ ቀዛፊ ልጇን ትታ የሆነ ቦታ ልትቀር ነው፤ ፊቷ ላይ አየዋለሁ» ትላለች። ኦስሪና ደህና መሆኗን ብነግራት ልቧ ረግቶ ቀጠሮውንም የምትቀበል መሰለኝ። መጽሐፉን ያነበብሽው አንቺ ነሽና ንገሪኝ። ትተርፋለች ወይ?

አክስትሽ እታገኝ


ማጂ፣
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ከስታለች ላለሽ ሰው፣ ኧረ አልከሳሁም! አጥናፉ ያገኘኝ ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስወጣ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንኛውም አስተማሪ ከሲታ ነው። በሶውም ሹራቡም ደርሶኛል። ሹራቡን አብራኝ ከምትኖረው የሒሳብ አስተማሪ ጋር በተራ እንለብሰዋለን፤ አትቆጪኝ፣ እሷም እናቷ ሩቅ ናት።

እዚህ ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን የኋላዎቹ አያዩትም። እኔም የእነሱን ፊት አላይም፤ «ገባችሁ?» ስል ከነጭ ነገር ውስጥ «አዎ ቲቸር» የሚል ድምፅ ብቻ ይመጣል። ደብዳቤሽን ሳነብ ሐይቆቹ ሌሊቱን እኛ ዘንድ ተጉዘው ያደሩ መሰለኝ።

እማማ አደሴ ያ ቀጠሮ እንዳያመልጣቸው። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ እሱ ብቻ አይለፋቸው።

አሁን የሚቀጥለውን ለብቻሽ አንብቢው። እሳቸው አጠገብሽ ሆነው እያነበብሽላቸው ከሆነ ወረቀቱን እጠፊው።

አትተርፍም። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ሰባተኛው ሐይቅ ውስጥ ትገባለች። ታንኳው ሚኖን ብቻ ይዞ ይመለሳል። እኔ ያን ገጽ ያነበብኩት የፈተና ሰሞን ነበር፤ ዓይንሽ ለምን አበጠ ብለሽ ስትጠይቂኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ እሱ ነው። ይቅርታ፣ ደግ ወሬ ብልክልሽ ደስ ይለኝ ነበር።

እንዴት እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅሽ ናፍቆት


አቃቂ በሰቃ፣
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት፣

ለማን ነገርሽ ትይኛለሽ። ለማንም። ለሃዊ ብቻ ነው የነገርኩት። ሃዊ ለአዚዛ ብቻ፣ አዚዛ ለባሏ ብቻ።

ምን ላድርግ? አንዴ ካወቅሁት በኋላ ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም። ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ይሄ ካንቺ አይሰወርም። የእናትሽ ወንድም የሞተ ጊዜ እናትሽ አራስ ነበረች፤ አንቺ ሦስት ወር እስኪሞላሽ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀ ነበር የሚጠይቃት። እኔም አደሴ ታክማ ወጥታ እስክትጠና ኦስሪናን እንደብቃት አልኩ። ሃዊም «እትዬ፣ አደራ፣ እማዬ ይህን ከሰማች አትገባም» አለችኝ። ሁላችንም ተስማማን።

ያ ክፍል የሚታይበት ማክሰኞ ሙህሲን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረው። «ነፋስ ነው፣ እማማ» አላት። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ነው! አደሴ ዛፉን አየች፣ ሙህሲንን አየች። እኔ አቮካዶ ጨምቄ ሰጠኋት። ሃዊ ያለወትሮዋ እግሯን አጠበቻት። አዚዛ ደግሞ፣ አላህ ይይላት፣ ገና በበሩ ስትገባ አደሴን አይታ እንባዋ ዱብ አለ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «ሽንኩርት» አለች። በእጇ የያዘችው ሳሙና ነው።

ከዚያ ወዲህ አደሴ በገባች ቁጥር ወሬ እናቋርጣለን። እኛ እንኳ አናውቀውም ነበር፤ እሷ ግን ትቆጥረው ነበር ለካ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠራችኝ። ሄድኩ። ፊቴ ላይ ዓይኗን ተክላ፣

«ሐኪሙ ለናንተ ሌላ ነገር ነግሯችኋል» አለችኝ።

«ምን ሌላ ነገር?»

«ክፉው ዓይነት ነው። ለእኔ አይደለም አለኝ፣ ለናንተ ነው አላችሁ። እኔ ስንቱን በሽተኛ ጠይቄ ስንቱን ደብቄያለሁ፤ አዲስ ነኝ እንዴ? ጭማቂ፣ እግር ማጠብ፣ ስገባ ዝም ማለት! እኔም ለሟች ባሌ እንዲሁ ነው ያደረግሁት።»

«ኧረ በፍጹም! የደበቅንሽ ምንም ነገር የለም» አልኳት።

«ማይልኝ።»

ናፊ፣ ማልኩ። «እናቴን፣ ምንም የለም» አልኩ። አፌ ነው የማለው፤ ልቤ እዚያው በአፌ ስር ቆሞ ያየኝ ነበር።

አላመነችኝም። የቀጠሮዋን ወረቀት አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ለሚሞት አንገት ቢላዋ ምን ያደርግለታል? እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው» አለች። በማግሥቱ ሦስቱን ዶሮዎቿን ለአዚዛ አስረከበች። ለሃዊ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ እያሳየቻት ነው። መጋቢት አሥራ አምስት ሊደርስ ሃያ ሰባት ቀን ቀርቶታል፣ እሷ ደግሞ ለመኖር ሳይሆን ለመሄድ ነው የምትሰናዳው። ይህን ያደረግነው እኛ ነን። ከሁሉም በላይ እኔ።

ሙህሲንና አዚዛ መጡና ተማከርን። ከእንግዲህ በጨዋታ መሐል ጣል ብናደርገው አታምነንም፤ ሌላ ውሸት ይመስላታል። ሙህሲን «እንግዲያው በወጉ እናርዳት፤ ቁም ነገር መሆኑን ያኔ ታምናለች» አለ። እኔም ልክ መስሎኛል። ከሐሙስ ሳምንት ማለዳ፣ ሃዊ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ጠብቀን፣ አራታችንም ሆነን እንገባለን። ምን ትይኛለሽ?

አክስትሽ


ማጂ፣
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

አጥናፉ ሞተር ሳያጠፋ ቆሞ እየጠበቀኝ ነውና ሰላምታ የለም፣ ይቅር በይኝ።

በማለዳ እንዳትሄዱ! በመድኃኔዓለም! ብቻሽን ሂጂ፣ በቀን፣ ምሳ ከበሉ በኋላ። «ሳልነግርሽ የቀረሁት ነገር አለ» ብለሽ ጀምሪ። ነጠላሽን እንደ አዘቦቱ ልበሺ። ማለዳ በር ላይ አራት ሰው ቆሞ ሲያዩ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ቴሌቪዥን አይደለም!

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግርሽ ይገባ ነበር። መጽሐፉ ሦስት ቅጽ ነው። ሦስተኛውን አላነበብኩትም፤ ያን ጊዜ ተከታዮቹን ታውሰኝ የነበረችው ልጅ ተመርቃ ሄደች። ኦስሪና ከሐይቁ ትውጣ አትውጣ በእርግጠኝነት አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ የጻፍኩት አውቅ ስለመሰለኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህንንም ንገሪያቸው።

ናፍቆት


አቃቂ በሰቃ፣
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። በማለዳ ሄድን።

አትቆጪኝ፤ እኔው ራሴን በቂ ተቆጥቻለሁ። ሙህሲንና አዚዛ ረመዳን ገብቶ ሱሁር በልተው ነቅተው ነበር፣ እኔም ኪዳን አድርሼ መመለሴ ነው። ሃዊን ጠበቅናት፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ዘገየ። «ትደርሳለች፣ እንግባ» አልኩ። ይቺን እኔ ነኝ ያልኳት።

አደሴ በሩን ከፈተች። እኔን አየች፣ አዚዛን አየች፣ ሙህሲንን አንገቱን ደፍቶ አየችው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼው ነበር፤ መቼ እንዳዘቀዘቅሁት እግዜር ያውቃል፣ እጄ ለምዶት ነው። ሃዊ ከመሐላችን የለችም።

«ልጄ!» አለችና ሦስታችንንም ገፍታን ወጣች። በባዶ እግሯ ናፊ! ያቺ ከወንበር ተነሥታ አልጋዋ ጋ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሴት ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሙህሲን ከኋላዋ «እማማ! የቴሌቪዥኗ ናት! የቴሌቪዥኗ ናት!» እያለ ይጮኻል። የባጃጅ ተራ ልጆች እሱ ያበደ መስሏቸው ሊይዙት ተነሡ። አስፋልቱ ጋ ልትደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀራት ትንፋሿ ቆመ። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አፏ ይከፈታል፣ አየሩ አይገባም። ከንፈሯ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜ የለመንኩትን ልመና ለማንም አልነግርም።

ሰርቪሱ ያን ጊዜ መጣ። ሃዊ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወረደች። አደሴ እጇን ብቻ ወደ እሷ ዘረጋች፤ ሃዊ ደርሳ ጀርባዋን ደግፋ ቀና አድርጋ ያዘቻት፣ እንደ ምንም ትንፋሽ ገባላት። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋን፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

አዚዛ ናት የመለሰችው። «ኦስሪና፣ እማማ።»

«የትኛዋ ኦስሪና?»

«ቀዛፊዋ። ናፍቆት ከማጂ ጽፋ ነው።»

አደሴ ሁላችንንም ተራ በተራ ስታየን ቆየች። «ያ ረቢ! ለዚህ ነው እግሬን ያጠባችሁኝ?» አለች። ከዚያ የወረደብንን እርግማን በጾም አልጽፈውም። ባጃጆቹ ሞተር አጥፍተው ነው ያዳመጡት።

ሁለት ቀን አላናገረችንም። ትናንት ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ይዤው ሄድኩ፤ በሩን ገፋ አድርጌ ቆምኩ። «በእናትሽ የማልሽው እንዴት ነው?» አለችኝ። «ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ስለ አንገቴ የደበቃችሁኝ የለም?»

«የለም። በማን ልማልልሽ?»

«አትማይ። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«የለም፣ አደሴ። ላንቺ ያለሽን ነው ለኛም ያለን።»

ሦስተኛውን መጽሐፍ እንዳላነበብሽው ሳነብላት «በግማሽ መጽሐፍ መርዶ! ይቺን አስተማሪ ማን ፈተናት?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ አሳላት፣ ሳሉ አስጨነቃት። ሲለቃት እንዲህ አለችኝ፦ «እታገኝ፣ አስፋልቱ እኮ እዚህ ነው። ልጄ ወድቃ ቢሆን ኖሮ እዚያ መድረስ አልችልም ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት እሱን ነው። ድምፄ እንደ ፈለገ ይሁን። ወረቀቱን አምጪው።»

ሰጠኋት። ዶሮዎቹን ግን አዚዛ አልመልስም ብላለች፤ እንቁላል ጀምረዋል።

አክስትሽ


አቃቂ በሰቃ፣
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት፣

አልፈራችም ወይ ላልሽኝ፣ ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ። ነገ ጠዋት ነው የምትገባው። ነጭ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ የቀዶ ጥገናው ፊርማ ሲጠየቅ ሃዊ እንዳትጠፋ ከፋብሪካዋ ፈቃድ፣ ሁሉም ተሰናድቷል።

ዛሬ እሑድ ያመለጠንን ክፍል ደግመው አሳዩት። ሙህሲን ዲሹን መልሶ አስተካክሎታል። አደሴ «ሳላየው አልገባም» ብላ ከፊት ተቀመጠች። ማንም እንዳያባብላት አስጠነቀቀች፤ ጭማቂም ከለከለች።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰባተኛው ሐይቅ ድምፅ የለውም። ውሃው ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ነው፤ የቱ ላይ እንደሚገናኙ አይታይም። ኦስሪና ጫማዋን አውልቃ ታንኳው ውስጥ አስቀመጠችው። መቅዘፊያውን ለሚኖ ሰጠቻት። ከዚያ ሄደች፣ ውሃው እንደ መሬት ተሸከማት፤ ትንሽ፣ ትንሽ እየሆነች፣ እንደ አንዲት ነጭ ክር ቀጥና፣ ከዚያ ክሯም የለችም። እኔ የሆነ ቦታ አብሬያት የምሄድ መሰለኝ፤ ወለሉ ከእግሬ ስር የራቀ መሰለኝ። ሞት ይሆን? እኔ እንቅልፍ ነው ያየሁት። ቤቱ ውስጥ የሃዊ ትንፋሽ፣ የአዚዛ ትንፋሽ፣ ከሁሉም በላይ የአደሴ ያ የሚያፏጨው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ሦስቱንም ለይቼ አውቃቸዋለሁ።

ሲያልቅ ወደ አደሴ ዞርኩ። እንባ የለም። «መቅዘፊያውን ለልጇ ሰጠቻት። ደግ አደረገች» አለች። ቀጥላ ሃዊን አየቻት፤ ሃዊ እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ የፈረቃ እንቅልፍ። «የኔዋ ግን ገና መቅዘፍ አትችልም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስለ ነገው ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ብዕሩ እዚያ ሲደርስ ይቆምብኛል። የሆነውን ግን እንደሆነው እልክልሻለሁ። ክፉ ቢሆንም ማለቴ ነው።

አክስትሽ


አቃቂ በሰቃ፣
መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት፣

ወጥቷል። ከሁሉ በፊት እሱን ላስቀድምልሽ። አደሴ አለች፣ ትተነፍሳለች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሐኪም ቤት ሳለን የሆነውን ስትመጪ በአፌ ብነግርሽ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ እነግርሻለሁ፦ ያ ጺሙ ያልጠና ልጅ ከውስጥ ሲወጣ እኔና ሃዊ ፊቱን እንጂ አፉን አላየንም። የሚለውንም ሃዊ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ድምፅዋን በሚመለከት ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይተን እናያለን ብሏል። አትናገሪ ተብላ ነበርና ዝም ብላ ነው የወጣችው፤ እኛም ዝም ብለን። ቤቷ ገብታ እንኳ በእጇ ነበር የምታዘን። ሃዊ «እማዬ ትናገር ይሆን?» ብላ በጠየቀችኝ ቁጥር «አላውቅም» እላታለሁ። ይቺን ቃል በሕይወቴ እንደ ሰሞኑ ደጋግሜ ብዬያት አላውቅም።

ጠያቂውማ አይነገርም። ሙህሲንና አዚዛ በዒድ ማግሥት ልጆቻቸውን አልብሰው መጡ። ሙህሲን በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ከእንግዲህ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ካዩኝ መሰላሉን ይውሰዱብኝ» አላት። አደሴ በእጇ መሰላል የመውሰድ ምልክት አሳየችው። አዚዛ ስድስት እንቁላል ይዛ መጥታ «ከዶሮዎችዎ ነው» አለች፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት «ለፋሲካ» ብላ መልሳ ሸፈነችው።

የሟች ባሏ ወንድም ጋሽ ሮሪሳ ከነሽማግሌዎቹ መጡ። ስለ ኦስሪና ነገር ሰምተዋል፤ አቃቂ ውስጥ ያልሰማ የለም። «መርዶው የማን ነበር? ዘመድ ናት ወይስ ጎረቤት?» ብለው በቁም ነገር ጠየቁ። አስረዳኋቸው። «ልጅ ከነበራት ለቅሶ መድረስ ነበረብን» አሉ። ቀልዳቸውን ይሁን እውነታቸውን እስካሁን አላወቅሁም። የባጃጅ ተራ ልጆች አንዱን ወክለው ልከው ነበር፤ «ማዘር እንደዚያ ስትሮጥ ያየን ሰዎች ነን፣ ትድናለች ብለን ነበር» ብሎ ሄደ። አጥናፉም መጣ። ነገ ንጋት ላይ ይነሣል፤ ለዚህ ነው የማጣድፈው።

ይህን እየጻፍኩልሽ ሳለሁ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። «ማነው?» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። የማላውቀው ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ የወንድም የሴትም የማይመስል። አንዱ የጋሽ ሮሪሳ ሰው መስሎኝ «እኔ ማን?» አልኩ።

«አደሴ ነኛ! ስንት ዓመት ነው ጎረቤትሽ የሆንኩት?»

ናፊ፣ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። በሩን ስከፍት ብቻዋን ናት፤ ሃዊ ሥራ ገብታለች። አንገቷ ላይ ፋሻው አለ። ከደጃፏ እስከ ደጃፌ አንዴም ሳታርፍ ነው የመጣችው። እንደ ሕፃን ስነፈርቅ ቆማ ጠበቀችኝና ወንበሩን ራሷ ስባ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ትንሽ ጠረገች።

«ለማን ነው የምትጽፊው?»

«ለናፍቆት።»

«ጻፊላት እንግዲህ። ከዛሬ ወዲያ ወሬ ካላት በእኔ ስም ትላከው። ክፉም ይሁን ደግ፣ ለአደሴ ብላ።»

«አንቺ የት ማንበብ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ታነቢልኛለሽ» አለች በዚያ አዲስ ድምፅዋ። «አንድም መስመር ሳትዘልዪ።»

አክስትሽ እታገኝ